ፊልሙ ያለው በእናንተ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው
(በሐዋሳ የፊልም ወዳጆች ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ የፊልም ወዳጆች ሁላችሁ፣ እንደምን አመሻችሁ?

በእንዲህ ያለ የእሑድ አመሻሽ የሐዋሳ ሰው ወደ ሐይቁ ዳር ይወርዳል። እናንተ ግን ስለ ፊልም እናውራ ብላችሁ እዚህ አዳራሽ ገብታችኋል። ከአቶቴ የመጣችሁ አላችሁ፤ ከአረብ ሰፈር፣ ከፒያሳ፣ ከታቦር ግርጌ የመጣችሁ አላችሁ፤ ከይርጋለም ድረስ መንገድ የቆረጣችሁም አላችሁ። አክብራችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

ሦስት ጉዳዮችን ይዤ መጥቻለሁ። አንደኛው፣ ፊልም አይተን ስንወጣ እንዴት እንነጋገራለን የሚል ነው። ሁለተኛው፣ በየቤታችን ስለተቀመጡት የቪዲዮ ካሴቶች፣ ሲዲዎችና ዲቪዲዎች ነው። ሦስተኛው፣ ምን እናድርግ የሚል ነው። ሁለተኛው ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፤ ልቤ ያለው እዚያ ነውና ከወዲሁ ታገሡኝ።

ከመጀመሪያው ልነሣ። ባለፈው ጊዜ በዚሁ አዳራሽ የያሬድ ዘለቀን «ላምብ» አብረን አየን። እ.ኤ.አ. በ2015 በካን የፊልም ፌስቲቫል በይፋዊው መርሐ ግብር ውስጥ የታየው ነው። ታስታውሳላችሁ፤ ኤፍሬም የሚባል ልጅ እናቱን በረሃብ ዘመን አጥቶ፣ አባቱ ዘመድ ቤት ትቶት ሲሄድ፣ ከበጉ ከቹኒ ጋር ይቀራል። ፊልሙ አልቆ መብራት ሲበራ ምን ተባለ? «ጥሩ ነው» ተባለ። «ትንሽ ይጎትታል» ተባለ። ከዚያ ሁላችንም ወደ በሩ ሄድን። በሩ ላይ ግን አንዲት ወጣት እህታችን ቆም ብላ፣ «ልጁ ምግብ ሲሠራ እጁን አይታችሁታል? አጎቱ የሚቆጣው ለምን እንደሆነ የገባኝ ያን እጅ ሳይ ነው» አለች። ያኔ ስብሰባው እንደ አዲስ ተጀመረ! ወንድ ልጅ ወጥ ቤት ገብቶ ሳምቡሳ ቢጠብስ ምን ነውር አለው የሚለው ክርክር በረንዳው ላይ ስንት ሰው አቆመ። አንድ አባት፣ ውትድርና ላይ ሳሉ ለጓዶቻቸው ወጥ የሚሠሩት እርሳቸው እንደነበሩና ቤት ሲመለሱ ግን ለማንም እንዳልነገሩ አጫወቱን። ይህን ያወጣው ምንድን ነው? አንዲት ሴት ልጅ አንድ እጅ ተመልክታ ያየችውን ስለተናገረች ነው።

እኔ የምለምናችሁ ይህንኑ ነው። «ወድጄዋለሁ» ብቻ ብላችሁ አታቁሙ። ያያችሁትን ንገሩን! ኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የሚለውን ፊልም ሲሠራ አብዮቱ የፈነዳበት ሰሞን ነበር። ጥቁርና ነጭ ነው፤ በ16 ሚሊ ሜትር ፊልም የተቀረጸ ነው፤ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጃል። ባለ ርስቱ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ሲሳደብ፣ ገበሬዎቹ ያን ሁሉ ሜዳ በእግራቸው ሲያቋርጡ ካሜራው አይቸኩልም። «ለምን ይረዝማል?» ብሎ መጠየቅ ጥሩ ጥያቄ ነው። ግን ጥያቄውን ጠይቆ መልሱን ከፊልሙ ውስጥ መፈለግ አለ፤ ጥያቄውን ጠይቆ መውጣትም አለ። እኔ በበኩሌ መልሱን ያገኘሁት በገበሬዎቹ እግር ነው። ያ መንገድ በአጭር ቢቆረጥ ኖሮ የእነርሱን ድካም ወንበር ላይ ተቀምጠን እንሰማው ነበር እንጂ አብረን አንደክመውም ነበር።

አሁን ወደ ሁለተኛው የሚወስደኝን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሁለት የማኅበራችን ወንድሞች ስለ አንድ አገርኛ ፊልም ተከራከሩ፤ ክርክሩ ወደ ጠብ ሊሄድ ምንም አልቀረውም። አንደኛው «ፊልሙ የሚያልቀው ልጅቷ አውቶቡስ ስትሳፈር ነው፤ ደራሲው ሆን ብሎ ጥያቄውን ክፍት ትቶታል» ይላል። ሌላው «ከዚያ በኋላ ትመለሳለች፤ ሠርግ አለ፤ ፍርድ ቤት አለ» ይላል። ሁለቱም ይምላሉ። በመጨረሻ «እስቲ ቅጂውን አምጡ» ተባለ። ሲመጣ የአንደኛው ማኅደር ውስጥ ያለው አንድ ሲዲ ብቻ ነው። ሁለተኛው ሲዲ ከዓመታት በፊት አንድ ዘመድ ተውሶት አልተመለሰም። ወንድማችን ለዓመታት በግማሽ ፊልም ኖሯል፤ ያን ግማሽ ከልቡ ወዶት ኖሯል!

ይህ ለምን ሆነ? የዚያ ዘመን ቪሲዲ፣ ማለትም የቪዲዮ ሲዲ፣ በአንድ ዲስክ ላይ የሚይዘው ሰባ አራት ደቂቃ ገደማ ብቻ ስለሆነ ነው። ፊልሙ ከዚያ በረዘመ ቁጥር ሁለት ቦታ ይቆረጣል። የት እንደሚቆረጥ የሚወስነው የዲስኩ ልክ ነው። ከመካከላችን ስንታችን ነን «ሁለተኛውን ሲዲ አስገባ!» እየተባባልን ያደግን? ምስሉም ቢሆን 352 በ288 ነጥብ ነው፤ ዛሬ በእጃችን የያዝነው ስልክ ከዚያ ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ግን አገርኛ ፊልም በየቤቱ የገባው በዚያ ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ እንደ ቴዎድሮስ ተሾመ «ቀዝቃዛ ወላፈን» ያሉ ፊልሞች በሲኒማ ቤት ሰልፍ ሲያስይዙ፣ ሲኒማ ቤት በአቅራቢያው ያልነበረው ሰው የአገሩን ፊልም የሚያየው በቤት ውስጥ ዲስክ ወይም በሰፈር ቪዲዮ ቤት ነበር።

ቪዲዮ ቤት ስል ፈገግ ያላችሁ አላችሁ፤ አይቻችኋለሁ። በእኔ ሰፈር የነበረው አንድ ክፍል ቆርቆሮ ቤት ነበር። መስኮቱ በብርድ ልብስ ይሸፈናል። ከበሩ ውጭ ጥቁር ሰሌዳ አለ፤ የቀኑ ፊልም በጠመኔ ይጻፍበታል። አግዳሚ ላይ ተጠጋግተን እንቀመጣለን። ከፊት ያሉት ትንንሾች መሬት ላይ ናቸው። የሕንድ ፊልም ከሆነ ዘፈኑን አብሮ የማይዘምር የለም፤ ቃሉን የሚያውቅ ግን የለም። የቤቱ ባለቤት፣ እኛ ጋሼ የምንላቸው፣ ፊልሙ ከመጀመሩ በፊት ካሴቱን ከማኅደሩ አውጥተው ክዳኗን በአውራ ጣታቸው ገፋ አድርገው ቴፑን ወደ ብርሃን ያዩት ነበር። ካላማራቸው «ይህ ዛሬ አይገባም» ይሉና ሌላ ያመጣሉ። ያን ጊዜ ለምን እንደሚያዩት አልገባኝም ነበር። አሁን ገብቶኛል፤ እናንተም እንድታዩት ስለምፈልግ ላሳያችሁ።

(ተናጋሪው አንድ የቪዲዮ ካሴት ከፍ አድርጎ ያሳያል።)

ይህ ቪኤችኤስ የሚባለው የካሴት ዓይነት ነው። ጄቪሲ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። በዓለም ላይ የመጨረሻው የቪዲዮ ዴክ (የካሴት ማጫወቻ) አምራች፣ ፉናይ የተባለውም የጃፓን ኩባንያ፣ ማምረቱን ያቆመው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። አስቡት፤ ከእንግዲህ አዲስ ዴክ የሚሠራ የለም ማለት ነው። በአገራችን ያሉት ዴኮች ያሉት ብቻ ናቸው። አንድ ሲበላሽ አንድ ይጎድላል። ቴፑን የሚያነበው ክፍል፣ «ሄድ» የምንለው፣ ሲያልቅ ከሌላ ከሞተ ዴክ ካልተነቀለ በቀር መለዋወጫ ማግኘት ጭንቅ ነው።

አሁን ክዳኗን ልክፈት። ቴፑን ታያላችሁ፤ ስፋቱ 12.7 ሚሊ ሜትር ነው። ፕላስቲክ ላይ በሙጫ የተያዘ የብረት ዱቄት ነው ማለት ይቻላል። ፊልሙ በዚያ ዱቄት ላይ በማግኔት ተጽፏል። ሙጫው እርጥበት ይስባል። እኛ ደግሞ የምንኖረው ሐይቅ ዳር ነው! ክረምቱን ታውቁታላችሁ፤ ጫማ ከአልጋ ሥር ሲሻግት ታውቃላችሁ። ካሴቱም እንደዚያው ነው። በመስኮቷ በኩል ጥቅልሉን ተመልከቱ፤ ጠርዙ ላይ ነጭ አቧራ የመሰለ ክብ ክብ ነገር ካያችሁ እርሱ አቧራ አይደለም፤ ሻጋታ ነው። እንደዚያ ያለውን ካሴት ዴክ ውስጥ እንዳታስገቡ። እለምናችኋለሁ፣ እንዳታስገቡ! ሻጋታው «ሄዱ» ላይ ይጣበቃል፤ ቴፑን ይቀረጥፈዋል፤ ቀጥሎ የሚገባውንም ጤነኛ ካሴት ይበክለዋል። ጋሼ በብርሃን የሚፈልጉት ይህንን ነበር።

አንድ ታሪክ ልጨምር። አቶቴ አካባቢ አንዲት እናት ቤት ሲለቁ «ልጄ፣ ካሴት ትሰበስባለህ አሉ፤ የሚጣል ካርቶን አለ» ብለው አስጠሩኝ። ሄድኩ። ካርቶኑ ውስጥ ብዙው የውጭ ፊልም ነው። አንዱ ግን በ1980ዎቹ መጨረሻ በቪዲዮ ካሜራ የተሠራ አገርኛ ፊልም ነበር፤ ርዕሱ በእጅ የተጻፈ፣ እኔ ስሙን ብቻ ሰምቼ ፈጽሞ ያላገኘሁት። እጄ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ የካሴቱን ጀርባ አየሁ። እዚህ ጥግ ላይ፣ አያችሁ፣ ትንሽ የፕላስቲክ ምላስ አለች። እርሷ ከተሰበረች ዴኩ ላዩ ላይ መቅዳት እምቢ ይላል፤ የተሸጡ ፊልሞች ያለ ምላስ የሚመጡት ለዚህ ነው። በእርሳቸው ካሴት ላይ ግን ቀዳዳዋ በፕላስተር ተሸፍናለች። ምን ማለት እንደሆነ የካሴት ዘመን ሰው ያውቃል። አንድ ሰው ላዩ ላይ ሊቀዳ ፈልጓል ማለት ነው።

አጽድተን፣ ቀስ ብለን አጠንጥነን፣ እርሳቸው ሳሎን ከነልጆቻቸው ቁጭ ብለን አየነው። ፊልሙ ይሄዳል፣ ይሄዳል፤ ነገሩ ሊፈታ ነው፣ አባትና ልጅ ሊገናኙ ነው ስንል ምስሉ ተርገበገበና እልልታ ሆነ። የልጃቸው ሠርግ! ሙሽራዋ፣ ሚዜዎቹ፣ ድንኳኑ፣ ከዓመታት በፊት ያረፉት ባለቤታቸው እስክስታ ሲወርዱ። እናታችን ተነሥተው ቴሌቪዥኑን በእጃቸው ነኩት። ልጆቹ አለቀሱ። እኔም ከእነርሱ ጋር አለቀስኩ፤ በደስታቸውም በፊልሙም። ያ ፊልም መጨረሻው የት አለ? እስከ ዛሬ እየጠየቅኩ ነው። ምናልባት ከእናንተ አንዳችሁ ቤት፣ ቁም ሣጥን አናት ላይ፣ ከብርድ ልብሱ ሥር ይኖር ይሆናል። ስለዚህ ነው ዛሬ እዚህ የቆምኩት።

ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ የአገራችን ፊልም ታሪክ አጭር አይደለም። «ሒሩት አባቷ ማነው» በ1957 ዓ.ም. ለሕዝብ ታየ። ሚሸል ፓፓታኪስ «ጉማ»ን በ1966 ዓ.ም. ሠራ፤ ዛሬ በየዓመቱ ለፊልም ባለሙያዎች የሚሰጠው ሽልማት ስሙን የወሰደው ከዚህ ፊልም ነው። እነዚያ በፊልም ጥቅል የተቀረጹ ናቸው፤ ጥቅሉ በአግባቡ በቀዝቃዛና በደረቅ ቦታ ከተቀመጠ ዕድሜው ረጅም ነው። «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ም ቢሆን የመጀመሪያው ቅጂ ስለተረፈ ነው ከሠላሳ ዓመት በኋላ በጣሊያን አገር ቦሎኛ ውስጥ ታድሶ ዳግም የታየው። በመካከሉ ያለው ዘመን ግን፣ በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ በቪዲዮ ካሴት የተሠራው፣ ከዚያም በቪሲዲ የተባዛው፣ የሚያሳድሰው የፊልም ጥቅል የለውም። ዋናው ቅጂ ራሱ ካሴት ነው። አምራቹ ቢሮውን ሲዘጋ፣ ኮምፒውተሩ ሲቃጠል፣ ሃርድ ዲስኩ ሲሞት የሚቀረው በየቤቱ የተሸጠው ቅጂ ብቻ ነው። እናንተ ዘንድ ያለው ማለት ነው!

«ሁሉም ዩቲዩብ ላይ አለ» የሚለኝ ወጣት ብዙ ነው። ዩቲዩብን አልነቅፍም፤ ስንት ባለሙያ ከዚያ እንጀራውን ያገኛል፤ ስንት በባዕድ አገር ያለ ወገን የአገሩን ፊልም የሚያየው በእርሱ ነው። ግን ሄዳችሁ ፈልጉ እስቲ። አንዱ ፊልም መጀመሪያው ተቆርጧል፤ ሌላው ላይ የቻናሉ ምልክት ግማሽ ፊቱን ሸፍኗል፤ ሌላው የተዋናዮችና የባለሙያዎች ስም ዝርዝር የለውም። ትናንት የነበረው ዛሬ «ይህ ቪዲዮ የለም» ይላል። ገንዘብ ከፍለን በኢንተርኔት የምናያቸው የፊልም አገልግሎቶችም ቢሆኑ ውላቸው ሲያልቅ ፊልሙን ያወርዱታል፤ ማንም አያስፈቅደንም። በእጅ ያለ ቅጂ ግን ማንም ከመደርደሪያችሁ አያወርድባችሁም።

ኃይሌ ገሪማ ይህን ቀድመው የገባቸው ሰው ናቸው። «ሳንኮፋ» የተባለውን ፊልማቸውን የሚያሠራጭ ኩባንያ ሲጠፋ ራሳቸው ሲኒማ ቤት እየተከራዩ አሳዩት። ከዚያም ከባለቤታቸው ጋር ዋሽንግተን ዲሲ ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት በዚያው ፊልም ስም የመጻሕፍትና የቪዲዮ መደብር ከፈቱ። ሌላው ፊልማቸው «ጤዛ» እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል የዳኞች ልዩ ሽልማት፣ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ በቡርኪና ፋሶ በዋጋዱጉ የፊልም ፌስቲቫል የየኔንጋን የወርቅ ፈረሰኛ ሽልማት አግኝቷል፤ ግን ሽልማት ፊልም አያቆይም። ፊልም የሚያቆየው ቅጂውን የሚሸጥ፣ የሚገዛና የሚያስቀምጥ ሰው ነው።

ስለ ዲስክ ጥቂት ልበል። ብዙ ሰው ሲዲ የሚጠፋው ከሚያብረቀርቀው በኩል ሲጫር ይመስለዋል። ሲዲን የሚገድለው ከላይ፣ ጽሑፉ ባለበት በኩል የሚደርስበት ጭረት ነው። መረጃውን የያዘው ስስ የብረት ሽፋን ያለው እዚያው ከጽሑፉ ሥር ነውና በእስክሪብቶ ቢጻፍበት፣ ተለጣፊ ወረቀት ተለጥፎ ቢላጥ ሽፋኑ አብሮ ይነሣል። ወደ አምፖል አንሥታችሁ እዩት፤ እንደ መርፌ ቀዳዳ ብርሃን የሚያሳልፍ ነጥብ ካለ እዚያ ቦታ ላይ ፊልሙ የለም። ዲቪዲ ሽፋኑ በሁለት ፕላስቲኮች መካከል ስለሆነ ከላይ ለሚመጣው ይበረታል። ስታጸዱ ዙሪያውን አታሹት፤ ከመሐል ወደ ጠርዝ ቀጥ አድርጋችሁ በለስላሳ ጨርቅ ጥረጉ። ካሴቶቹን ደግሞ እስከ መጨረሻው አጠንጥናችሁ እንደ መጽሐፍ ቀጥ አድርጋችሁ አቁሟቸው፤ ከወለል ራቅ፣ ከመስኮት ራቅ። ከውጭ አገር ዘመድ የላከላችሁ ዲቪዲ አልሠራ ካለ ቶሎ አትጣሉት፤ ዲስኮች በአካባቢ የተከፋፈሉ ናቸው፤ የአሜሪካው ቁጥር 1 ነው፣ የእኛ ቁጥር 5 ነው። ዲስኩ ጤነኛ ሆኖ ማጫወቻው ብቻ እምቢ ብሎት ይሆናል።

ወደ ሦስተኛው ልለፍ፤ አጭር ነው። ምን እናድርግ?

በመጀመሪያ ቤታችሁ ያለውን መዝግቡ። ርዕሱን፣ በካሴት ይሁን በዲስክ፣ ስንት ዲስክ እንደሆነ፣ ማኅደሩ ላይ የተጻፈውን የአዘጋጅና የተዋናይ ስም ሁሉ። ማኅደሩን አትጣሉ! አንዳንድ ፊልም ላይ የመብራት ባለሙያው ስም ያለው እዚያ ወረቀት ላይ ብቻ ነው። ዝርዝሩን አንድ ላይ እናድርገውና ለወመዘክርም፣ ለብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት፣ እንላክ።

ቀጥሎ ሕጉን እናክብር። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 አለ። ሰው ለግል መጠቀሚያው አንድ ቅጂ እንዲያስቀር ፈቅዷል፤ አባዝቶ መሸጥና ማሠራጨት ግን የባለመብቱን እንጀራ መንጠቅ ነው። እኛ የምናድነውን ፊልም በፍላሽ እየጫንን አንበትንም። አምራቹን ፈልገን «ፊልምዎ ተገኝቷል» እንላቸዋለን። ስንቱ ባለሙያ የገዛ ሥራው ቅጂ በእጁ እንደሌለ ብታውቁ ታዝናላችሁ።

ሌላው ከሁሉ በላይ የምጓጓለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 አሜሪካ ውስጥ አንድ የቆየ ፊልም ከዲቪዲ በፊት በነበረው ትልቅ ዲስክ፣ በሌዘር ዲስክ፣ ሲወጣ አንድ የፊልም ታሪክ አዋቂ ፊልሙ እየሄደ ድምፁን ቀርጾ ማብራሪያ ሰጠበት፤ ከዚያ ወዲህ ነው ዲስክ ላይ የአዘጋጁን ማብራሪያ መስማት የተለመደው። እኛስ? የእነዚያ ፊልሞች አዘጋጆች፣ ካሜራ ያነሡት፣ ተዋናዮቹ፣ ብዙዎቹ በሕይወት አሉ። እዚህ ሐዋሳም አሉ፤ አንዳንዶቹ ዛሬ ከመካከላችን ተቀምጠዋል። ፊልማቸውን አጫውተንላቸው፣ ስልካችንን ፊት ለፊታቸው አስቀምጠን፣ «እዚህ ቦታ ላይ ምን ሆነ?» ብንላቸው፤ ያ ዝናብ እውነተኛ ነው ወይስ በቧንቧ የተረጨ፣ ያቺ አሮጊት ማን ናቸው፣ ያ ቤት ዛሬ አለ ወይ ብንላቸው፤ ይህ ምን ያህል ገንዘብ ይፈልጋል? የሚፈልገው ጊዜና አክብሮት ነው። ጋሼዎቻችንና እትዬዎቻችን ሳያልፉ እንጀምር።

ሥራውን በዚህ እንክፈለው። የሚሠራ ዴክ ያላችሁ እጃችሁን አንሡ። አንድ፣ ሁለት፣ እዚያ ጥግ ሦስት፤ እግዚአብሔር ይስጥልን። ስንጨርስ እኔ ዘንድ ቆዩልኝ። ካሴት ያላችሁ ሻጋታ ይኑረው አይኑረው እንዳለ በፌስታል አሽጋችሁ በሚቀጥለው ስብሰባ አምጡ፤ እያጫወታችሁ አትሞክሩት። አዳሬ፣ አላሙራ፣ ዳቶ አካባቢ የድሮ ቪዲዮ ቤት የነበራቸውን ሰዎች የምታውቁ ደግሞ ቤታቸውን ብቻ ጠቁሙን፤ እኛ ሄደን እንጠይቃቸዋለን። ያ መጨረሻው የጠፋብኝ ፊልም ርዕስ በሩ ላይ በትልቁ ተጽፏል፤ ስትወጡ አንብቡት።

አሁን ጥያቄውን እንቀበል። ስለሰማችሁኝ አመሰግናለሁ።